በመርከብና በየብስ መካከል ያለችው ደረጃ

መራመድ ለሚቸግራቸው ወላጆች የወደብ ጉብኝትን ስለ ማቀድ ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ ንግግር




የመዝናኛ መርከብ በማለዳ ወደ ወደብ ሲጠጋ በውስጡ ሁለት ዓይነት ተሳፋሪ ይታያል። አንደኛው ቁርሱን በችኮላ ጨርሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ የመውጫው በር እስኪከፈት የሚጠብቀው ነው። ሁለተኛው በሰገነቱ ላይ ወንበሩን አመቻችቶ፣ ምርኩዙን ከጎኑ አስደግፎ፣ ልጆቹን «እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚሁ ይሻለኛል» ብሎ የሚሸኘው ነው። ይህን ቃል የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ አረጋውያን ወላጆች ናቸው። ልጆችም ቃሉን እንዳለ ተቀብለው ይወጣሉ። ማታ ተመልሰው ያነሡትን ፎቶግራፍ ያሳያሉ፤ ወላጅም «ደስ ይላል» ይላሉ፤ ጉዳዩ በዚሁ ይዘጋል።

የዚህ ንግግር ዓላማ ጉዳዩ እንዲህ በቀላሉ መዘጋት እንደሌለበት ማስረዳት ነው። «እናንተ ሂዱ» የሚለው ቃል ዘወትር ምርጫ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ጋሻ ነው። ጉልበታቸው የደከመ እናት ወይም አባት የሚፈሩት ርቀቱን ብቻ አይደለም። በሰው ፊት መደገፍን፣ መጎተትን፣ እንደ ዕቃ መነሣትን፣ ከሁሉም በላይ የልጆቻቸውን ቀን ማበላሸትን ይፈራሉ። ይሉኝታ ባለበት ባህል ያደገ ወላጅ ይህን ፍርሃት አውጥቶ አይናገርም፤ በትሕትና ሸፍኖ ያልፈዋል። እንግዲህ ልጅ ሆኖ ወላጁን ይዞ የሚጓዝ ሰው የመጀመሪያ ተግባሩ ምርጫውን ከፍርሃቱ መለየት ነው። ይህም የሚቻለው በልመናና በማባበል ሳይሆን በትክክለኛ መረጃ ነው።

መሐንዲስ ሁሉ እንደሚያውቀው የአንድ ቤት ምሰሶ የቱንም ያህል ቢወፍር መጋጠሚያው ከላላ ጣሪያው አይጸናም። የወደብ ጉብኝትም እንደዚሁ ነው። ሰፊ ሊፍት ያለው መርከብ፣ ምቹ መኪና፣ ሜዳማ አደባባይ ተሟልተው ሳሉ በመካከሉ አንዲት ሃያ ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላት ደረጃ ብትገኝ ቀኑ እዚያ ላይ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ «እማዬ ምን ያህል መራመድ ይችላሉ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ዋናው ጥያቄ «ከመኝታ ክፍላቸው እስከሚጎበኘው ሥፍራና እስከ መልሱ ድረስ እጅግ አስቸጋሪው ነጥብ የቱ ነው? ይህንስ አስቀድሞ የሚያውቅ ማን ነው?» የሚለው ነው።

አስቸጋሪው ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከመርከብ ወደ የብስ በሚሸጋገሩበት ቦታ ላይ ነው። መሸጋገሪያው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው መርከቡ ከወደቡ መቆሚያ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ሲቆም የሚዘረጋው ድልድይ ነው። የዚህ ድልድይ ተዳፋትነት በመርከቡ በር ከፍታና በባሕሩ መሙላትና መጉደል ይወሰናል። በሜዲትራኒያን ባሕር ልዩነቱ በአብዛኛው ሥፍራ ከግማሽ ሜትር ያነሰ በመሆኑ ብዙ አያስጨንቅም። በአላስካ ወደቦች ግን ውኃው በአንድ ቀን ውስጥ እስከ 5 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊወጣና ሊወርድ ስለሚችል ጧት ለጥ ያለ የነበረው ድልድይ ከሰዓት በኋላ ገደል መስሎ ይጠብቃል።

ሁለተኛው መሸጋገሪያ ማመላለሻ ጀልባ ነው። ወደቡ ጥልቀት ወይም ስፋት ሲያንሰው መርከቡ በባሕር ላይ መልሕቁን ጥሎ ይቆምና ተሳፋሪዎቹን በትንንሽ ጀልባ ያወርዳል። በዚህ ጊዜ አንዱ ወለል ከሌላው ጋር በሞገድ ስለሚንቀሳቀስ ክፍተቱ ቋሚ ልክ የለውም። ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች ከባዱን የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወንበር በጀልባው ላይ አያሳፍሩም፤ ተሳፋሪው ጥቂት እርምጃ በራሱ እንዲራመድ የሚጠይቁም አሉ። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የዕለቱ ባሕርና የመርከቡ አዛዥ ነው። ስለዚህ ጉዞ ሲመረጥ ከከተሞቹ ስም ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት መርከቡ በየትኛው ወደብ በቀጥታ እንደሚጠጋና በየትኛው በጀልባ እንደሚያወርድ ነው። ይህ አንድ ጥያቄ ግማሹን ሥራ ያቀላል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጻል። የእናቲቱ ክብደት 65 ኪሎ፣ የወንበሩ ደግሞ 15 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 80 ኪሎ ነው። በብዙ አገር የግንባታ ደንብ በተለመደው የአንድ ለአሥራ ሁለት ተዳፋት ላይ ይህን ወንበር ሽቅብ ለመግፋት ወደ 65 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋል፤ ይኸውም 6 ኪሎ ተኩል ያህል ዕቃ እንደ ማንሣት ነው። ተዳፋቱ አንድ ለስድስት ሲሆን ኃይሉ ወደ 130 ኒውተን፣ አንድ ለአራት ሲሆን ወደ 190 ኒውተን ይደርሳል። የመንኰራኵሩ ሰበቃና የኮብልስቶኑ መንገጫገጭ ገና አልተጨመረም። እንግዲህ በሜዳ ላይ እናቱን በአንድ እጁ የሚገፋ ልጅ በዚህ ተዳፋት ላይ ሌላ ረዳት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ቁልቁለት ሲሆንም ገፊው ራሱ ወደ ታች ቀድሞ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አዙሮ፣ በዝግታ መውረድ ይገባዋል፤ ፊት ለፊት የወረደ ወንበር ተቀማጩን ወደ ፊት ሊያፈናጥር ይችላልና።

ይህ ሁሉ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ ቤተሰብ በምሳሌ ይወሰድ። እናት የ76 ዓመት አረጋዊት ናቸው፤ ሁለት ጉልበታቸው ይታመማል፤ በምርኩዝ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄደው ማረፍ አለባቸው፤ ረጅም መንገድ ሲሆን በተሽከርካሪ ወንበር ይገፋሉ። ከልጆቻቸው ጋር የሚጓዙት ከአቴና ወደብ ከፒሬየስ ተነሥቶ በቱርክ በኩሻዳሲ፣ በግሪክ ደሴቶች በፍጥሞና በሳንቶሪኒ በኩል በሚዞር መርከብ ነው። ይህን መሥመር ያስመረጠው የእናቲቱ ምኞት ነው፤ በመጽሐፍ ሲሰሟቸው የኖሩትን ኤፌሶንንና ፍጥሞን በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው ሥራ ከመነሣት በፊት ያለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ቁጥር 1177/2010 የተባለው የባሕር ተጓዦች መብት ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2012 ማለቂያ ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ደንብ መሠረት ጉዞው ከኅብረቱ አባል አገር ወደብ የሚጀመር ከሆነ መንቀሳቀስ የሚቸግረው ተሳፋሪ በወደብና በመርከብ ላይ ያለ ክፍያ እርዳታ የማግኘት መብት አለው፤ ነገር ግን ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ማስታወቅ ይገባዋል። ማስታወቂያውም «እናታችን ደካማ ናቸው» በሚል ደፈናዊ ቃል መሆን የለበትም። የወንበሩ ስፋት፣ ክብደት፣ የሚታጠፍ መሆን አለመሆኑ፣ ተሳፋሪዋ ስንት ደረጃ በድጋፍ መውጣት እንደሚችሉ በዝርዝር ይጻፍ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዙ ከሆነም ከግሪክ ወደ ቱርክ ወጥተው እንደገና ስለሚገቡ የሼንገን ቪዛቸው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑ ይረጋገጥ።

በአቴና ጉብኝቱ ወደ አክሮፖሊስ ኰረብታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 150 ሜትር ያህል ከፍ ያለው ይህ ዐለት ለዘመናት ለደካማ እግር የተከለከለ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴና ኦሊምፒክንና ፓራሊምፒክን ስታዘጋጅ በሰሜኑ ገደል በኩል ማንሻ ተሠራለት፤ በ2020 መጨረሻም በአዲስ ሊፍት ተተካ። ሆኖም ሊፍቱ በዚያን ዕለት የሚሠራ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሙቀቱም መዘንጋት የለበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 በጋ በበረታው ሙቀት ምክንያት ሥፍራው በቀትር ሰዓቶች ለጎብኚ የተዘጋባቸው ቀኖች ነበሩ። ስለዚህ እናት ወደ ኰረብታው የሚወጡት በማለዳ ነው።

በኩሻዳሲ መርከቡ ከመቆሚያው ጋር በቀጥታ ይጠጋል። ኤፌሶን ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ኤፌሶን ራሷ ጥንት ታላቅ የወደብ ከተማ ነበረች፤ ወንዙ ያመጣው ደለል ወደቧን እየሞላ ባሕሩን ስላራቀባት ዛሬ በየብስ መካከል ትገኛለች። ጎብኚዎች አብዛኛውን ጊዜ በላይኛው በር ገብተው በእምነ በረድ የተነጠፈውን ቁልቁለት ይወርዱና በታችኛው በር ይወጣሉ። ይህ መንገድ ለጤነኛ እግር ውብ ነው፤ ለተሽከርካሪ ወንበር ግን ያንሸራትታል፤ ያንገጫግጫል፤ በየቦታውም ደረጃ ያጋጥማል። ለእናቲቱ የሚሻለው በታችኛው በር ገብቶ በዚያው መመለስ ነው። በዚህ በኩል መሬቱ ይበልጥ ሜዳማ ሲሆን፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ሕዝቡ ሲጮኽ የዋለበት ታላቁ ቴአትርና በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተሠራው የሴልሰስ ቤተ መጻሕፍት ይታያሉ። ከተማዋን ሙሉ በሙሉ አላዩም፤ ያዩትን ግን ሳይንገላቱ አይተዋል።

የጊዜው ስሌት የሚጀመረው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። መርከቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት የሚነሣ ቢሆን ተሳፋሪው ሁሉ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተሳፍሮ እንዲያበቃ ይታዘዛል እንበል። አንድ ሰዓት ለመጠባበቂያ ሲቀነስ ቤተሰቡ 9 ሰዓት ተኩል ላይ በወደቡ መገኘት አለበት። የመኪናው መንገድ ግማሽ ሰዓት፣ እናትን ከወንበር ወደ መኪና ለማሳፈርና ለማውረድ ሌላ ግማሽ ሰዓት ሲታሰብ ከኤፌሶን ቢዘገይ 8 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ግድ ነው። የሙቀቱን ነገር ያሰበ ግን ከዚህ ብዙ ቀደም ይላል፤ በ2 ሰዓት ከመርከብ ወጥቶ፣ በ3 ሰዓት ኤፌሶን ደርሶ፣ በ5 ሰዓት ፀሐይ ሳትበረታ ይመለሳል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የመርከቡ ሰዓት አንዳንዴ ከወደቡ ሰዓት ይለያል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ደግሞ በራሳቸው አቆጣጠር ያስባሉ። ሦስቱ ሰዓቶች በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ለእናት ይሰጡ። መርከቡ ራሱ ላዘጋጀው ጉብኝት ብዙውን ጊዜ ይጠብቃል፤ በግሉ ለወጣ ሰው ግን ጥሎ ይሄዳል። ያዘገመ ይደርሳል፤ የቸኮለ ግን አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፣ ጊዜ ያጠረው ልጅ ወንበሩን በጥድፊያ ሲገፋ የሚጎዳው ተቀማጩን ነው።

ስለ ሽንት ቤት ማንሣት በእንዲህ ያለ ጉባኤ ያሳፍር ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙ ጉብኝት የሚበላሸው በዚህ ነው። አረጋዊ ወላጅ ሽንት ቤት የት እንዳለ ካላወቁ ውኃ መጠጣት ይተዋሉ። ውኃ በሙቀት መካከል ሲቋረጥ ድካምና ማዞር ይከተላል፤ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ አደጋው ይብሳል። ልጆችም «ሙቀቱ አልተስማማቸውም» ይላሉ እንጂ ምክንያቱን አይጠይቁም። ስለዚህ በዕቅዱ ላይ ወንበር የሚያስገባ ሽንት ቤት ያለበት ቦታ ሁሉ ይመዝገብ፤ ለእናትም ከመውጣታቸው በፊት በግልጽ ይነገራቸው። ይህን ያወቁ እናት ውኃቸውን ያለ ሥጋት ይጠጣሉ።

በሳንቶሪኒ ነገሩ ይለወጣል። መርከቦች የሚቆሙት በጥንት የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተቦረቦረው ገደል ሥር ነው። ከተማዋ ፊራ ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በገደሉ አፋፍ ላይ ትታያለች። ከታችኛው ወደብ ወደ ላይ የሚያደርሱት ወደ 600 የሚጠጉ ደረጃዎች፣ በደረጃዎቹ ላይ የሚመላለሱ አህዮችና በቅሎዎች፣ እንዲሁም በገመድ የሚሳበው ኬብል ካር ናቸው። ይህን ከፍታ በአንድ ለአሥራ ሁለት ተዳፋት መውጣት ቢፈለግ ከ2,400 ሜትር የሚረዝም መወጣጫ ያሻል። ለእናቲቱ ኬብል ካሩ አለ ቢባል እንኳ ከፊቱ ማመላለሻ ጀልባ፣ ከኋላው የተጨናነቀ ሰልፍና ደረጃ የበዛባቸው ጠባብ መንገዶች አሉ። ሁሉም ተነግሯቸው እናት ከመርከቡ ሰገነት ላይ መቅረትን ቢመርጡ ሽንፈት አይደለም፤ የገደሉ ግርማ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ከባሕሩ ላይ ነውና። ልዩነቱ ይህ ነው፤ አሁን የቀሩት አውቀው ነው። አንደኛው ልጅም አብሯቸው ቢቀር ቀኑ የእሳቸውም ቀን ይሆናል።

የጉዞው ዋና ምኞት ፍጥሞ ነው። ትልልቅ መርከቦች በስካላ ወደብ ፊት ቆመው በጀልባ ያወርዳሉ፤ ትንንሾቹ ሊጠጉ ይችላሉ። ከስካላ በኰረብታው አናት ወዳለው እ.ኤ.አ. በ1088 ወደ ተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የሚወስድ የመኪና መንገድ አለ፤ ዮሐንስ ራእዩን አየበት የሚባለው ዋሻም በመንገዱ እኩሌታ ላይ ነው። መኪና እስከ ደጃፉ ይደርሳል። ከደጃፉ ወደ ዋሻው የሚያስገባው ግን ቁልቁል የሚወርድ ብዙ ደረጃ ነው። እነሆ አስቸጋሪው ነጥብ፤ ገንዘብ የማያነሣው፣ ትሕትናም የማይሸፍነው።

በዚህ ጊዜ ሁለት ስሕተት ይፈጸማል። አንደኛው ነገሩን ከእናት ሠውሮ እዚያ ሲደርሱ እንዲያዩት ማድረግ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ኀዘን የለም። ሁለተኛው «አይችሉም» ብሎ ስለ እሳቸው መወሰንና ፍጥሞን ከዕቅዱ መሠረዝ ነው። ትክክለኛው መንገድ ከጉዞው በፊት በቤት ውስጥ ተቀምጦ «እማዬ፣ መኪናው ደጃፉ ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ደረጃው ብዙ ነው፤ ምን እናድርግ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ምናልባት እናት በልጆቻቸው ክንድ ተደግፈው፣ በየደረጃው እያረፉ፣ አንድ ሰዓት ፈጅተው ለመውረድ ይቈርጡ ይሆናል፤ እንግዲያው ያ ቀን ለሌላ ነገር አይታሰብም። ምናልባትም «ደጃፉን ልሳለም፤ እናንተ ወርዳችሁ ጸልዩልኝ» ይሉ ይሆናል። ይህኛው «እናንተ ውረዱ» በመርከብ ላይ ከተሰማው «እናንተ ሂዱ» ጋር አንድ አይደለም። ያኛው በፍርሃት የተነገረ ነበር፤ ይህኛው በዕውቀት የተነገረ ነው።

ክቡራን፤

እስካሁን የተነገረው የልጆችን ተግባር የሚመለከት ነው። የማኅበሩ አባሎች ተግባር ግን ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በማልታ ዋና ከተማ በቫሌታ ወደቡ ከታች፣ ከተማው ከምሽጉ በላይ ነው። በመካከላቸው እ.ኤ.አ. በ1905 ተሠርቶ የነበረው ሊፍት በ1973 ሥራ አቆመ፤ በ1983 ፈረሰ። ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ከወደብ የሚመጣ ደካማ ሰው ያን አቋራጭ አጣ። በ2012 መጨረሻ 58 ሜትር ከፍታ ያለው አዲስ ሊፍት በዚያው ሥፍራ ተመረቀ፤ ያ ሁሉ አቀበትም የደቂቃ መንገድ ሆነ። ገደሉ እንደ ነበረ አለ፤ የተለወጠው የሰው አሳብ ነው።

ኢትዮጵያ የባሕር በር ባይኖራትም ጀልባና ደረጃ አላት። ከባሕር ዳር ተነሥተው በጣና ላይ ወደ ዘጌ የሚሻገሩ አረጋውያን ከጀልባው ጠርዝ ወደ መሬት የሚረግጧት ያች አንዲት እርምጃ፣ ከዚያም በጫካው ውስጥ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሽቅብ የሚወስደው መንገድ፣ የፍጥሞው ደረጃ ወንድሞች ናቸው። ሁሉም ሥፍራ ሊፍት አይተከልበትም፤ ጥንታዊውን ቅርስ መጉዳትም አይገባም። ለመለካት ግን የሚያግድ ነገር የለም። «ለአቅመ ደካሞች ምቹ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ለማንም አይረዳም። የሚረዳው ደረጃው ስንት እንደ ሆነ፣ የእያንዳንዱ ከፍታ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ መደገፊያ በየትኛው ጎን እንዳለ፣ ማረፊያ ወንበር በስንት ሜትር ርቀት እንደሚገኝ፣ የበሩ ስፋት ስንት እንደ ሆነ በቁጥር የተጻፈ ወረቀት ነው። ይህን ለመሥራት ሜትርና እርሳስ የያዘ አንድ ሰው ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ሕንፃ የሚነድፍ ሰው ደረጃን በወረቀት ላይ ሲያሰምር መሥመር ብቻ ይታየዋል። ያች መሥመር ግን በአንድ ወደብ ላይ፣ በአንድ ማለዳ፣ በአንዲት እናትና ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው በኖረችው ሥፍራ መካከል ትቆማለች። መሥመሯን ማንሣት ከተቻለ ይነሣ። ካልተቻለ ልኳ በግልጽ ይጻፍ፤ እናትም አውቃ ትወስን።